ጣና ዳር ቤዙ ለምን ጠፋ?

ባሕር ዳር ውስጥ የሰርግ ሳውንድ የሚሠራ ሰው ዋና ሐሳቡ ድምጹ አይደለም፤ መብራቱ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ብዙም አያሰጋም። ሐይቁ ዳር፣ ሣር ላይ ድንኳን ተጥሎ ሲሆን ግን መስመሩ ሩቅ ነው፣ ኤክስቴንሽኑ ረጅም ነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ ጄኔሬተር ላይ ይወድቃል። ሰዎች ስለ አምፕሊፋየር (ድምጹን አጉልቶ ስፒከሩን ስለሚነዳው ሳጥን) አሠራር «ክላስ ኤቢ ይሻላል ወይስ ክላስ ዲ?» ብለው ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአንድ ጥር ሰርግ ነው።

ዕቃው የእኔ አልነበረም። ባለ ዕቃው ሚክሰር ላይ እንድቀመጥለት ጠርቶኝ ነው የሄድኩት። አራት ባለ 18 ኢንች የቤዝ ስፒከር አለው። ከላይ አራት ሞንታርቦ ስፒከር ቆሟል። ከመድረኩ ኋላ ሦስት አምፕሊፋየር ተደርድሯል፤ ሁለቱ ለቤዙ፣ አንዱ ለላይኞቹ። ሦስቱም ክላስ ኤቢ ናቸው። በአንድ ቻናል 1000 ዋት ይላል፤ አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። በደንብ የተያዘ ዕቃ ነው፣ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ወደ ማታ ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ምሳ ላይ የነበረው ዓይነት ለስለስ ያለ ሙዚቃ ቀጠለ። ችግር አልነበረም። ችግሩ የመጣው ሙሽሮቹ ለጭፈራ ሲነሡና ዲጄው ድምጹን ከፍ ሲያደርግ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ድንኳኑ ላይ የተንጠለጠሉትን አምፖሎች ነው። ቤዙ በመታ ቁጥር ደብዘዝ፣ መልሶ ቦግ ይላሉ። እንግዳው ዲኮር መስሎት ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

እኔ ቴስተሬን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ኤክስቴንሽኑ ጫፍ ላይ ስለካ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ከ180 በታች ወርዷል። ቤዙ ሲመታ ጭራሽ ወደ 160ዎቹ ይወርዳል። ብዙም አልቆየ፣ ቤዙ መሻከር ጀመረ። ዲጄው ድምጹ ያነሰ መስሎት ጨመረበት። አምፑ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ድምጹ ሲቆራረጥ (ክሊፕ ሲያደርግ) የሚበራው የክሊፕ መብራት ቀይ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ አንደኛው አምፕ ፕሮቴክት ገባ፤ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ድምጹን ዘጋ ማለት ነው። ሁለተኛውም ተከተለው። ሙሽሮቹ እጃቸውን እንዳነሡ ቤዙ ጭጭ አለ።

የሙሽራዋ አጎት እየተጣደፉ መጡ። «ልጄ፣ ምን ነካው? እንግዳው ሊነሣ ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። ከበሮና ማሲንቆው ይቀጥል፣ ላይኞቹ ይበቁታል» አልኳቸው።

ባለ ዕቃው ተናዷል፣ አልፈርድበትም። «ጄኔሬተሩ ነው! አቅም የለውም» አለ። ቀጥሎም «መኪና ውስጥ አራተኛ አምፕ አለኝ፤ ቤዙን ለሦስት እናካፍለው» አለ። እዚህ ላይ እንቢ አልኩ። አራተኛ አምፕ ማምጣት ጄኔሬተሩን ይበልጥ ማስጨነቅ ነው። ከባድ ትራንስፎርመር ያለው አምፕ ሲበራ ለቅጽበት የሚስበው ከረንት ራሱ ብሬከር ይጥላል።

የቤዙ አምፕ ክዳን ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ ማቆየት አልቻልኩም። ፋኑ ይዞራል፣ የሚወጣው አየር ግን ቀጭን ነው። ከፊት ያለውን የአየር ማስገቢያ በባትሪ ሳየው ስፖንጁ ግራጫ ሆኗል። አቧራ አለበት። አቧራው ላይ ደግሞ ሐይቁ ዳር ማታ ማታ መብራት የሚከቡት ትንኞች እንደ ጨርቅ ተለጥፈዋል። በጣቴ ሳነሣው እየተላጠ ወጣ።

የሱቄን ረዳት ደውዬ የእኔን ክላስ ዲ አምፕ በባጃጅ እንዲያመጣ አደረግኩ። ልጁ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ሲመጣ ባለ ዕቃው በጥርጣሬ አየው። «ይሄ ነው አራቱን ቤዝ የሚነዳው?» አለኝ። ሁለቱን ከባድ አምፕ ከሶኬት ነቀልን። አራቱን ቤዝ በሁለት ቻናል ከፍለን እሱ ላይ አሰርን። ሚክሰሩ ላይ ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምጽ ቆረጥኩ፤ ያ ድምጽ ሜዳ ላይ ለጆሮ ብዙ አይሰጥም፣ ኃይል ግን ይበላል። ከዚያ ቀስ እያልኩ ከፈትኩ። ቴስተሩ ከ205 በታች አልወረደም። አምፖሎቹ መወዛወዝ አቆሙ። ጭፈራው ከቆመበት ቀጠለ፤ አጎትየው ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ።

ምክንያቱን ልናገር፤ ሒሳቡ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው።

አምፕ ላይ የተጻፈው ዋት የሚወጣው ኃይል እንጂ የሚገባው አይደለም። በመካከሉ የሚባክነው ሙቀት ይሆናል። ክላስ የሚባለው ነገርም በአብዛኛው የሚወስነው ይሄንኑ ብክነት ነው። የአንድ ክላስ ቢ አምፕ ከፍተኛ ውጤታማነት በቲዎሪ 78.5 በመቶ ነው፤ ኤቢም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ግን ይህ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ብቻ ነው። አምፑ ወደ አንድ ሦስተኛ ኃይሉ ሲሠራ ውጤታማነቱ ወደ 45 በመቶ ይወርዳል። አንድ ስምንተኛ ላይ ሲሠራ ወደ 28። ሙዚቃ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አይደለም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። በክሊፕ አፋፍ ላይ የሚጮህ የጭፈራ ሙዚቃ ወደ አንድ ሦስተኛው ይጠጋል።

ስለዚህ ያ ባለ ሁለት 1000 ዋት አምፕ በአማካይ 670 ዋት ገደማ ወደ ቤዙ ሲልክ፣ ከሶኬቱ የሚስበው ወደ 1500 ዋት ነው። ከ800 ዋት በላይ የሚሆነው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ አምፖች ሲደመሩ 3 ኪሎዋት። ክላስ ዲ ግን ያንኑ ድምጽ በግማሽ ግድም ይሠራዋል፤ ጥሩዎቹ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ለስፒከሩ ያደርሳሉ።

በጄኔሬተሩም በኩል የሚረሳ ነገር አለ። 5 ኬቪኤ ይላል። ያ በተለመደው 0.8 ፓወር ፋክተር (ከኬቪኤው በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 4 ኪሎዋት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል። የቀረው 3.2 ኪሎዋት አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የመድረክ መብራት አለ፣ የመጠጥ ፍሪጅ አለ። የድሮው ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ያለው አምፕ በተጨማሪ ከረንቱን የሚስበው በእኩል ሳይሆን የቮልቴጁ ጫፍ ላይ ብቻ፣ በምት በምት ነው። ይህ ለትንሽ ጄኔሬተር ከባድ ጭነት ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ አምፑ ቀድሞ ክሊፕ ያደርጋል፣ ዲጄው ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይብሳል፣ ፋኑ በትንኝ ታፍኗል። ስሱ አየር ደግሞ ሙቀት ማውጣትም ላይ ደካማ ነው። ጄኔሬተሩን ብቻ መውቀስ ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ።

በማግስቱ አንዱን አምፕ ሱቅ ይዘነው መጥተን ከፈትነው። ረዳቴ ገና ወጣት ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ እየተማረ ነው። «ጋሼ፣ ኤ ካለ አንደኛ፣ ዲ ካለ መጨረሻ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ሻጮችም ሲመቻቸው እንደዚያ ይናገራሉ። ፊደሉ ግን የጥራት ደረጃ አይደለም። የሚናገረው ትራንዚስተሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ክላስ ኤ ትራንዚስተር ሙሉውን ሞገድ ብቻውን ይይዛል፣ መቼም አያርፍም። ሙዚቃው ቢቆምም ከረንቱ ይፈሳል። ውጤታማነቱ በቀላሉ አሠራር ቢበዛ 25 በመቶ፣ በጥሩው አሠራር 50 ነው። ድምጹ ንጹሕ ነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው እኔም አደንቀዋለሁ። ሰርግ ላይ ግን ምድጃ ነው የሚሆነው።

ክላስ ቢ ሥራውን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ትራንዚስተር የላይኛውን ግማሽ ሞገድ፣ ሌላው የታችኛውን ይይዛል። ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ላይ እየተቀባበሉ ሲወቅጡ ዓይነት ነው። ችግሩ መቀባበያው ላይ ነው። ትራንዚስተሩ ለመንቃት 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ድምጹ ዝቅ ሲል ያቺ ክፍተት እንደ ጭረት ትሰማለች። ክላስ ኤቢ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ለሁለቱም ትንሽ ከረንት አስቀድሞ ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይይዛል። ትልልቅ የመድረክ አምፖች ውስጥ ጂ እና ኤች የሚባሉም አሉ። መሠረታቸው ኤቢ ነው፤ ድምጹ ዝቅ ሲል በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይሠሩና ከፍ ሲል ብቻ ትልቁን ቮልቴጅ ይጠራሉ። ሲ የራዲዮ ማሠራጫ ነው፤ ለእኛ ሥራ አይሆንም።

ክላስ ዲ ላይ ልጁ ቆየብኝ። «ታዲያ ዲጂታል ነው?» አይደለም። ትራንዚስተሩ ወይ ሙሉ በሙሉ በርቷል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ድምጹ የሚገለጸው በርቶ በሚቆይበት ጊዜ እርዝማኔ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ኮይልና ካፓሲተር ያንን ፈጣን ምት አጥርቶ ሙዚቃውን ብቻ ወደ ስፒከር ያሳልፋል። በርቶ ሲቆይ ትራንዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ትንሽ ነው፤ ሲጠፋ ከረንት የለም። ስለዚህ ብዙም አይሞቅም። በእጃችን ያሉት አብዛኞቹ የብሉቱዝ ስፒከሮች ባትሪያቸው እንዲበረክት የሚረዳቸው ይሄ ነው።

ያን ቀን የከፈትነው ኤቢ አምፕ ትራንዚስተሮቹ ደኅና ነበሩ። ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ሥር ያለው፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ነጭ ፔስት ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠርገን አዲስ ቀባነው፣ ስፖንጁን አጥበን መለስነው። ኤቢን የምወድለት ይሄ ነው፤ ይጠገናል። ሲ5200 እና ኤ1943 የሚባሉት ጥንድ ትራንዚስተሮች እንደልብ ይገኛሉ። አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ብቻ ዓይን ይፈልጋል። ክላስ ዲ ሲበላሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕቃዎቹ ሰሌዳው ላይ ተለጥፈው የተሠሩ ጥቃቅን ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቦርድ መቀየር ነው። ርካሾቹ ላይ የማጣሪያው ክፍል ስለሚቆጠብበት ለራዲዮ ሞገድ ጩኸት ይለቃሉ፤ የገመድ አልባ ማይክ ሪሲቨር አጠገባቸው አላስቀምጥም።

ባለ ዕቃው በኋላ ለቤዙ ክላስ ዲ ገዛ፣ ኤቢዎቹን ለላይኞቹና ለአዳራሽ ሥራ አስቀረ። «የኤቢ ቤዝ ሥጋ አለው» ማለቱን ግን አልተወም። በደንብ በሚመጣ የመብራት ኃይል መስመር ላይ፣ ክሊፕ ሳይደረግ ከተሰማ፣ እኔ ልዩነቱን ሜዳ ላይ አልለየውም። ጄኔሬተር ላይ ግን ልዩነቱን አምፖሉም ይናገራል።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ፊደሉን አይቶ አይወስን። አምፑን ገልብጦ ከኋላ የተጻፈውን የቮልቴጅ ወሰን ያንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ፣ የሚወርድ መስመርን ይችላል። ፓወር ፋክተር ማስተካከያ ያለው ከሆነ ደግሞ ከረንቱን በእኩል ስለሚስብ ጄኔሬተሩን አያስጨንቅም። ሻጩ ይሄን ጥያቄ ካልመለሰ፣ ዋቱ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ብዙም ዋጋ የለውም።