ማንም አይረግጣትም

ሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ፣ ሁሉም «ጂ» በሚለው ስታዲየም ሴኩሪቲ የሠራ ሰው የመስከረምን ግርግር ያውቀዋል። የፉቲው፣ የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ዋንጫ ያልቃል፣ የጎል ምሰሶዎቹ ይነቀላሉ፣ ውጭ ስትበቅል የከረመችው የክሪኬት ፒች፣ ኳሷ የምትነጥርባት የሣር ንጣፍ፣ በማሽን ተጭና መሐል ሜዳ ትገባለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ እንዲህ ነው። ድሮ እዚያው ስለምትቀመጥ ክረምቱን ሙሉ ፉቲ ሲያቦካት ይከርም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የገባችውን እንድጠብቅ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ከሣር ሠራተኞቹ በቀር ማንም አይረግጣትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ባለ ሱፍ ሰውዬ እንግዶች አስከትሎ መጣ፤ ከስፖንሰሮቹ ወገን ነው። ገመዱን ከፍ አድርጎ ሊገባ ሲል ክንዴን ዘረጋሁ።

«አንድ ፎቶ ብቻ።»

«አይቻልም ጌታዬ።»

«ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

ፊቱ በራ። «ሯጮች!»

«አዎ። ኦሎምፒክ የጀመርነውም እዚሁ ነው፣ በ1956። ማሞ ወልዴ እዚህ ሜዳ ሮጧል።»

ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ታዲያ የአገርህ ሰው የሮጠበትን እኔ ባለቤቱ አልረግጥም?»

ባለቤቱ! ሜዳው ከ1853 ጀምሮ አለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ሳይቀሩ ሰፍረውበታል።

«ሯጮቹ ዳር ዳሩን ነው የዞሩት ጌታዬ» አልኩት።

እንግዶቹ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። እንዲህ ያለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ባቡር ተሳፍሬ ወደ ቤት ስሄድ ነበር። ያን ቀን በሰዓቱ መጣ።

በማግሥቱ ሱፐርቫይዘሬ ወደ መኪና ማቆሚያው በር አዛወረኝ። «ሰው ስለጎደለ ነው» አለ፤ ይሁን። አብሮኝ የሚሠራው ህንዳዊ ግን አልገረመውም። «ፉቲን እኮ በ1858 ገደማ የጀመሩት የክሪኬት ሰዎች ናቸው፣ ክረምት ላይ ሰውነታችን እንዳይተሳሰር ብለው። ከዚያ ሣራችንን ያበላሽብናል ብለው ለዓመታት ውጭ ፓርኩ ውስጥ አጫወቱት። የገዛ ልጃቸውን ደጅ ያሳደሩ፣ አንተን በር ላይ ቢያቆሙህ ምን ይገርማል?»

ታኅሣሥ ላይ እንግሊዞች ከአውስትራሊያ ጋር ለሚጫወቱት የክሪኬት ውድድር፣ ለአሽስ፣ መጡ። ኳሷ ከዚያች ፒች ላይ አልነሣም አለች። የእነሱ ተጫዋች አላስቴር ኩክ 244 ነጥብ አስቆጥሮ የሚያስወጣው ጠፋ። በአምስት ቀን የወደቀው ዊኬት፣ ማለት ከመምታት የወጣው ተጫዋች፣ 24 ብቻ፣ ጨዋታውም ያለ አሸናፊ ተበተነ። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ፒቿን «ደካማ» አላት። እኔ እስከነበርኩ ድረስ እንኳን ሰው፣ ወፍም አላሳረፍኩባት።

ጃንዋሪ ውስጥ ያው ሰውዬ ለማታ ጨዋታ በእኔ በር ሲገባ አወቀኝ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ያኔ ብታስረግጠኝ ኖሮ ትንሽ እንኳ ትነጥር ነበር።»

የመግቢያ ፈቃዱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይታየኛል። ቢሆንም አውጥቶ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት።