ዛሬ የመጀመሪያውን መንደሪን ቀጠፍን

ከ4 ዓመት በፊት አርባ ምንጭ በሚገኘው ግቢያችን የተከልነው መንደሪን ዛሬ የመጀመሪያ ፍሬውን ሰጠን። እናቴ ልጣጩ አረንጓዴ መሆኑን አይታ «ልጄ፣ ገና አልበሰለም፤ ተወው» ብትለኝም፣ ልጣጩ ወደ ብርቱካናማ የሚለወጠው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በመሆኑ፣ እንደ እኛ ባለ ሞቃት አገር ውስጡ ጣፍጦ ሳለ ላዩ አረንጓዴ እንደሆነ ሊቆይ እንደሚችል ነገርኳት። ሙዝ ከተቀጠፈ በኋላም ይበስላል፤ መንደሪን ግን ስለማይበስል፣ አንዱን ቀምሶ ማረጋገጥ ነው የሚሻለው። በእጅ ሲጎተት ልጣጩ እንዳይቀደድ ዘንጉን በመቀስ ቆረጥኩት።

እናቴ ስትልጠው መዓዛው በረንዳውን ሞላው፤ አንዱን ፍልቃቂ ቀምሳ ዝም አለችና ሁለተኛውን አነሣች። አምና መንደሪኑ ከሌላ ዛፍ ግንድ ጋር ከተዳቀለበት መጋጠሚያ በታች፣ ከዚያው ከሌላው ዛፍ የበቀለውን እሾሃም ቅርንጫፍ ለምለምነቱ አሳስቶኝ ሳልቆርጠው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛፉ ጉልበቱን ለእርሱ ሰጥቶ ይህን ጣዕም ባላገኘነው ነበር። መንደሪን የተከላችሁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ በቅሎ እንደሆነ የግንዱን ግርጌ ዛሬውኑ እዩት።