ታር ተቀባይ አስፓርቴትን ሲለይ በዓይን ያየሁበት መንገድ

የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ተቀባዮች (በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ፕሮቲኖች፤ ታር አስፓርቴት የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚለየው ነው) ከሽፋኑ ውጭ ያገኙትን መልእክት ወደ ውስጥ ማሳለፋቸውን ለማየት የተጠቀምሁት ለስላሳ አጋር (ባክቴሪያ የሚዋኝበት ስስ ጄል) እና ማይክሮስኮፕ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ያሳስታል።

ለአጋሩ 1% ትሪፕቶን፣ 0.5% ሶዲየም ክሎራይድና 0.25% አጋር ቀላቅዬ፣ ሳህኑን ሳላነቃንቅ አረጋሁት። 2 ማይክሮ ሊትር ካልቸር (ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ) በፒፔት ጫፍ አጋሩ ውስጥ አስገባሁ፤ ላዩ ላይ ከቀረ እዚያው ይበቅላል። በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ8–10 ሰዓት በኋላ ሁለት ቀለበት ይታያል፦ የውጪው ሴሪን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ፣ የውስጡ አስፓርቴትን የተከተሉት ናቸው። ታር የሌለው ዝርያ የውስጡን ቀለበት አይሠራም። ግሉኮስ መጨመር አይገባም፤ የፍላጀላን (ባክቴሪያው የሚዋኝበት ጭራ) መሠራት ያፍናል።

ቀለበት ጠፋ ማለት ግን ተቀባዩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቼዋይ (መልእክቱን ወደ ፍላጀላው ሞተር የሚያደርስ ፕሮቲን) የጎደለው ባክቴሪያ በደንብ ይዋኛል፤ መገላበጥ (አቅጣጫ ለመቀየር መንከባለል) ስለማይችል ግን የአጋሩ ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ማይክሮስኮፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ካልቸሩ በ600 ናኖ ሜትር ኦዲው (የድፍርስነቱ መለኪያ) 0.5 ሲደርስ በቀስታ ሴንትሪፉጅ አድርጌ፣ 10 ሚሊ ሞላር ፖታሲየም ፎስፌት (ፒኤች 7)፣ 0.1 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ፣ 10 ሚሊ ሞላር ላክቴትና 1 ማይክሮ ሞላር ሜቲዮኒን ባለው በፈር (ፒኤችን የሚያረጋ ፈሳሽ) በጥብጫለሁ። ቮርቴክስ (ቱቦን በኃይል የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ) ፍላጀላን ይሰባብራል፤ ቱቦውን በእጅ ማወዛወዝ ይበቃል።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ አስፓርቴት ሲጨመር የባክቴሪያዎቹ መገላበጥ ወዲያው ይቆማል፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ይዋኛሉ። አስፓርቴቱ ከውጭ ሲጣበቅ በሽፋኑ ውስጥ የሚያልፈው የታር ሄሊክስ (ጠመዝማዛ ክፍል) ጥቂት ብቻ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ለቼዋይ ፎስፌት የሚሰጠውን ኤንዛይም፣ የቼኤን፣ ሥራ ታግዳለች። ቼዋይ ፎስፌት አያገኝም፣ ቼዚ የተባለው ኤንዛይም ደግሞ የነበረውን ያነሳል፣ ፎስፌት ያለው ቼዋይ ሲያልቅ ፍላጀላን የሚያዞረው ሞተርም አቅጣጫ መቀየሩን ይተዋል። ከደቂቃዎች በኋላ አስፓርቴቱ እዚያው እያለ መገላበጡ ይመለሳል! ቼአር የተባለው ኤንዛይም በተቀባዩ ላይ ሜቲል (ትንሽ የካርቦን ቡድን) ጨምሮ ቼኤን ስለሚያነቃው ነው። ለእኔ ከሙከራው ሁሉ ውብ የሆነው ይህ ነው። ሜቲሉ የሚመጣው ከሜቲዮኒን ስለሆነ፣ ሜቲዮኒን ራሱ መሥራት የማይችል ዝርያ ያለ እሱ አይላመድም።

ሽፋን መስታወቱ ሥር ኦክስጅን ስለሚያልቅ ቶሎ ማየት ግድ ነው። አስፓርቲክ አሲዱም (አስፓርቴቱ የሚዘጋጅበት) አስቀድሞ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 7 ላይ ይስተካከል፤ ተቀባዮቹ አሲድንም ይለያሉና፣ ያለዚያ የታየው ምላሽ ለየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በኮንትሮሉ ላይ ያንኑ መጠን በፈር ብቻ ጨምሬ አወዳድሬያለሁ።