ንቅሳቱን ማን አጠፋው?

ደብረ ማርቆስ ላይ በቪዲዮ ሥራ የሚተዳደር ሰው እንጀራው ሰርግና ምርቃት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሌላ ገበያ መጥቷል፤ የፎቶ ፊልም። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለአባታቸው ሙት ዓመት ወይም ለእናታቸው ልደት ብለው የድሮ ፎቶ ይሰጡንና «ትዝታ ትዝታ የሚል ነገር ሥሩልን» ይላሉ። ቀረጻ የለበትም። ከሰርገኛ ጋር መጋፋት የለበትም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ሁሉም ሰው ቀላል ይመስለዋል፤ ዋጋም ሲከራከሩን «ፎቶ መደርደር አይደል እንዴ?» ነው የሚሉን።

የማወራችሁ ሥራ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሟቹ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። የቢቸናን ጤፍ ጭነው፣ ደጀን ላይ ቡና ጠጥተው፣ ዓባይ በረሃን ወርደው ወጥተው፣ እህል በረንዳ ሲያራግፉ የኖሩ ሰው። ልጃቸው በቴሌግራም ትእዛዙን ላከ። ፊታቸው ጥርት ይበል፤ ጥቁርና ነጩ ከለር ይሁን፤ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ይሁን፤ ኬን በርንስ ኢፌክት ይኑረው፤ 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት ይሁን።

ኬን በርንስ የታሪክ ዘጋቢ ፊልሞች የሚሠራ አሜሪካዊ ነው። ቆሞ የቀረን ፎቶ ካሜራው በዝግታ እየቀረበው ወይም እየተሻገረው ሲሄድ ሕይወት የሚዘራበት ዘዴ በሱ ስም ይጠራል። ዘዴውን የፈጠረው እሱ አይደለም። ከሱ በፊትም ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ካሜራውን ከላይ እያንቀሳቀሱ የሚቀርጹ ነበሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 አይሙቪ በሚባል የቪዲዮ ማቀናበሪያው ላይ በስሙ ካስገባው በኋላ ግን ዓለም ሁሉ በዚያ አወቀው። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ብዙ አፕ ሳትጠይቀው ያደርግልሃል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይሄዳል።

ፎቶዎቹ የመጡት በፌስታል ነው፤ ከመኪናው ሊብሬ ኮፒና ከቤቱ ግብር ደረሰኝ ጋር ተቀላቅለው። የሟች ባለቤት ሲያስቀምጡ ዋጋ ያለው ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ የስካነሩን ሥራ ያዝኩ። እዚህ ላይ የሚሰስት ሰው በኋላ ያለቅሳል። 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ሲነሳ፣ አግድሙ ወደ 3,070 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ይመጣል። ፉል ኤችዲ የሚባለው የስክሪን ጥራት የሚፈልገው 1,920 ነው። ስለዚህ ሳይፈርስ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መቅረብ ይቻላል። ጉርድ ፎቶ ግን 3 በ4 ናት፤ በ600 አግድሟ ከ710 ፒክስል አታልፍም። እሷን 1,200 ላይ ካላነሳናት ስክሪን ሙሉ ስትሆን ዱቄት ትሆናለች። በመስታወት ፍሬም ግድግዳ ላይ የተሰቀለውንም ከነመስታወቱ በስልክ አንስቶ መላክ የተለመደ ነው። አይረባም። የአንሺው ጥላ አብሮ ይገባል።

ማቀናበሩን የያዘው ከኔ ጋር የሚሠራው ጎረምሳ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። አሜሪካ ያለው ልጅ «ጥርት» ስላለ ጎረምሳው ፎቶዎቹን በሙሉ ማታ ላይ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ውስጥ ከተታቸውና ጠዋት ከለር ለብሰው፣ ጭረታቸው ጠፍቶ፣ ፊታቸው አብርቶ ጠበቁን። የምንሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት አይቶ ተደሰተ። አሜሪካ ያለው ልጅም ናሙና ተልኮለት የልብ ምልክት መለሰ።

የሟቹ ባለቤት እማማ ከሴት ልጃቸው ጋር መጥተው እንዲያዩ የተጠሩት እንዲያው ለወጉ ነበር።

ነጠላቸውን ወደ ኋላ አድርገው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ፒያኖው ጀመረ። የመጀመሪያዋ ፎቶ የራሳቸው ናት፤ አዲስ ሙሽራ ሆነው ፎቶ ቤት የተነሱት። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊታቸው ቀረበ።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እኮ እማማ» አለ ጎረምሳው ፈገግ ብሎ።

«እኔ?»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። አንገታቸው ላይ ከአገጫቸው በታች እየተደረደረ የሚወርድ ንቅሳት አለ፤ ግንባራቸው ላይ ደግሞ መስቀል። ዛሬም በደንብ ይታያል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ አንገቷ እንደ ሳሙና ማስታወቂያ ጥርት ያለ ነው። መስቀሉም የለም።

«ንቅሳቴን ምን አደረጋችሁት?»

«ኤአይ ነው እማማ፣ እሱ ነው ያጠፋው።»

«ማነው እሱ? እዚሁ ነው እሚሠራ?»

ሴት ልጃቸው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሳቸው ግን አልሳቁም። በልጅነታቸው ሲነቀሱ እናታቸው ጉልበታቸውን ይዘዋቸው እንደነበረና ሳምንቱን ሙሉ አንገታቸውን ማዞር እንዳቃታቸው ነገሩን። «ያን ሁሉ ችዬ የተነቀስኩትን!» አሉ።

ነገሩ የተንኮል አይደለም። ጭረት አጥፊው ቀጭን መስመር ሁሉ ጭረት ሊመስለው ይችላል። ንቅሳት ደግሞ ቀጭንና ጥቁር መስመር ነው። ፊት የሚያጠራውም ቢሆን የጠፋውን ፈልጎ አያመጣም፤ «እዚህ ቦታ ብዙውን ጊዜ ምን ይኖራል?» ብሎ ገምቶ ነው የሚሥለው። ግምቱን የሚያመጣው ከተማረባቸው ፊቶች ነው። ለእንዲህ ያለ ሥልጠና በብዛት ከሚያገለግሉት ስብስቦች አንዱ ፍሊከር ከተባለ የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ የተለቀሙ 70,000 የፊት ፎቶዎች ያሉት ነው። ከነዚያ ውስጥ የጎጃም ባላገር ሙሽራ ብትኖር ይገርመኛል።

ሁለተኛው ፎቶ መጣ። ሟቹ ዓባይ በረሃ፣ የድሮው ድልድይ አጠገብ፣ ኤንትሬውን ተደግፈው። ጎን ለጎን ያለው በጃፓን እርዳታ የተሠራው ትልቁ ድልድይ ገና አልነበረም። መኪናው ግንባር ላይ በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ «አንተ ታውቃለህ» ይላል። ዋናው ፎቶ ላይ በአጉሊ መነጽር ይነበባል። ኤአይ ያጠራው ላይ ግን ፊደሎቹ ደምቀዋል፣ ጠርዛቸው ተስሏል፣ ግን ፊደል አይደሉም። አንዱ የ«አ» እግር አለው፤ ራሱ ወደ «ጠ» ይሄዳል። ሌላው የተገለበጠ «ህ» ይመስላል። መሪጌታ ቢጠራ አይፈታውም።

«መኪናው ሰማያዊ አልነበረም» አሉ እማማ። «ብርቱካን ነበር።»

ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚመዘግበው የብርሃኑን መጠን ነው። ሰማያዊና ብርቱካን ግራጫ ላይ ሲያርፉ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ከለር የሚያለብሰው አፕ እንደገና እየገመተ ነው ማለት ነው። የሚያውቀው ሰው ከጎናችን ተቀምጦ ሳለ!

ጎረምሳው ፊቱ ቀላ። ይህን ልጅ የምወደው ለዚህ ነው፤ ሌላ ቢሆን «ልጅዎ ነው ያዘዘው» ብሎ ይከራከር ነበር። እሱ ፊልሙን ዘግቶ የስካኑን ፎልደር ከፈተ። ዋናውን፣ የተጫጫረውን፣ ጥግ ላይ የታጠፈውን ፎቶ ስክሪን ሙሉ አደረገላቸው።

«እ፣ አሁን እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ለኔ የሥራ ትምህርት ቤት ነበር። የኤንትሬው ፎቶ ላይ ጎረምሳው ዙሙን ወደ ሟቹ ፊት ነበር ያስኬደው። ማንም ኤዲተር እንደዚያ ያደርጋል፤ ፊልሙ የሳቸው፣ መሀል ላይ የቆሙትም እሳቸው። እማማ ግን «እሱንስ ተወው፣ እሱ ይታወቃል፤ ያን ልጅ አሳየኝ» አሉ። የቱን ልጅ? ፎቶው ጠርዝ ላይ፣ የመኪናውን በር ይዞ የተንጠለጠለ፣ ግማሽ ፊቱ የተቆረጠ ረዳት አለ። እኛ ክሮፕ አድርገን ቆርጠን ልናወጣው ነበር። ለካ ያ ልጅ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ የወረወረው ልጅ ነው። «እሱ ባይኖር እናንተም ይህን ፊልም አትሠሩ፣ እኔም አራት ልጅ አልወልድም» አሉ።

ዙም ማለት ጣት መቀሰር ነው። ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ማን ዋና እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ የዚያን ፎቶ ዙም መንገዱን ገለበጥነው፤ ከሟቹ ፊት ይነሳል፣ በሩን ይዞ ይሄዳል፣ ረዳቱ ላይ ይቆማል። የኛ ዓይን ቢሆን በሕይወቱ እንዲህ አያደርግም ነበር።

ጊዜውም ተለወጠ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ፎቶ ስታስገባ 4 ወይም 5 ሰከንድ ይሰጡሃል። ለወጣት ይበቃል። እማማ ግን ፎቶ ሲያዩ መጀመሪያ ቦታውን ነው የሚለዩት፤ «ይኼ መንቆረር ነው፣ ከገበያው በላይ» ይላሉ። ደብረ ማርቆስን ዛሬም በድሮ ስሟ ነው የሚጠሯት። ከዚያ ልብሱን ያያሉ። ሰው ላይ የሚደርሱት መጨረሻ ነው። በዚህ መሀል ፎቶው አልፏል። ስለዚህ ወሬ ላለው ፎቶ 12 እና 15 ሰከንድ ሰጠነው፤ መጠኑ ከ100 ወደ 107 ፐርሰንት ብቻ እንዲያድግ አደረግን። እንቅስቃሴው መኖሩ አይታወቅም፤ ቢነሳ ግን ይጎድላል። ወሬ የሌለው ፎቶ ደግሞ ቶሎ ይለፍ። ሁሉንም እኩል ማስኬድ ነው የፎቶ ፊልምን እንቅልፍ የሚያደርገው።

ማለስለስ የሚባለውን ነገር እኔ በፊትም አላምነውም ነበር፤ ያን ቀን ቦታው ገባኝ። የሚለሰልሰው በፎቶና በፎቶ መካከል ያለው ነው። አንዱ ቀስ ብሎ ሌላው ውስጥ ይሟሟ፣ ድምፁ ሳይቆረጥ ይሻገር፣ እንቅስቃሴው ሲነሳም ሲቆምም አይንጠቅ። ፎቶው ራሱ ላይ ግን እጅ አይበዛም። አቧራ በእጅ እናነሳለን። ድሮ የታጠቡ የከለር ፎቶዎች ወደ ቀይ ሲያደሉ፣ ሳያን የሚባለው ቀለም ቀድሞ ስለሚደክም ነውና ሚዛኑን እንመልሳለን። ፊት አንነካም። ጭረት ሰው ላይ ካላረፈ ይቆይ።

ሙዚቃው ነገር ቀላል ነበር። እማማ «በሙት ዓመቱ ዘፈን?» ብለው አዩን፤ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ፒያኖ ካልሆነ የትዝታ ቅኝት በክራር ነው የምንከተው፤ ከመብዛቱ የተነሳ ሰው ገና ክራሩን ሲሰማ እንባውን ያዘጋጃል። በምትኩ የእሳቸውን ድምፅ ወሰድን። ዕቃ ማከማቻው ውስጥ አስቀምጠን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቅለን፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እጃቸው ላይ እየሰጠን በስልክ ቀዳን። መሀል ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን መታው። ጎረምሳው ሊያቋርጣቸው ሲል ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ዝናቡ ፊልሙ ውስጥ አለ።

አሜሪካ ያለው ልጅ አዲሱን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጥራቱ ለምን ወረደ?» ነበር። ሁለቱን የእናቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገን ላክንለት፤ አንገቱን ብቻ፣ ያለ ማብራሪያ። ቆየ። በኋላ በድምፅ መልእክት «እሺ፣ የናቴን ተዉት» አለ። የ4ኬውን ነገር ግን አልለቀቀም። አወጣንለት።

ሙት ዓመቱ ቀን ቤታቸው ያለው ቴሌቪዥን የ4ኬውን ፋይል «አይደገፍም» ብሎ መለሰው። ለዚህ ያልተዘጋጀ ኤዲተር ጎጃም ውስጥ አይሥራ። ጎረምሳው ኪሱ ውስጥ በኤምፒ4 ያወጣው ፉል ኤችዲ ያለበት ሌላ ፍላሽ ነበረው። ሰካውና ሄደ። ረዳቱ ላይ ሲደርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስሙን ጠሩት፤ ቡሬ እንደሚኖር፣ በሕይወት እንዳለም ተናገሩ። እማማ ወዲያው ስልክ ይደወል አሉ፤ ፊልሙ እዚያው ላይ ቆሞ እስኪደወል ተጠበቀ።

ሰው ሲበተን አንዲት ዘመዳቸው ጎረምሳውን ወደ ጥግ ወሰደችው። እሷም የፎቶ ፊልም ትፈልጋለች። «እኔን ግን» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ትንሽ ወጣት አድርገኝ፤ ያ ኤአይ የምትሉት ልጅ ይሠራው።»

«ይችላል» አላት። «እሱ ግን ለብቻው ነው የሚከፈለው።»