ከቪዲዮ ካሴት የሚቀዳ ድምፅ በሊኑክስ ላይ ሲሻክር

ከደሴ እስከ ወልዲያ በየቁም ሣጥኑ የተቀመጡት የቪዲዮ ካሴቶች ከምስላቸው ይልቅ በድምፃቸው የከበሩ ናቸው። የሰርጉ ምስል ቢደበዝዝም ሙሽራዋን መለየት አያስቸግርም፤ ማሲንቆው ከሻከረ ግን የባቲም ሆነ የአምባሰል ቅኝት ለዛውን ያጣል፣ የመንዙማው ግጥምም በድቤው ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ከሁሉ በፊት ሊደከምበት የሚገባው ድምፁ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ የምጠቀመው በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የሚሠራ ዴስክቶፕና ከቪዲዮ ዴኩ (ከካሴት ማጫወቻው) የሚመጣውን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ፣ የፊሊፕስ ኤስኤኤ7134 ቺፕ ያለው የቲቪ ካርድ ነው። ድምፁ ሲበላሽ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚሮጠው ወደ ጫጫታ ማጽጃ ፕሮግራም ነው፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ማጽጃው ጫጫታውን ሲቀንስ የማሲንቆው ጭራ በጭራ ላይ ሲፋተግ የሚሰጠውን ሸካራ ድምፅም አብሮ ያነሳል፣ የማሲንቆ ውበት ደግሞ እዚያው ፍትግታ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ድምፁ ከልክ በላይ ጎልቶ በመግባቱ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ከሆነ፣ የተቆረጠው በግምት ይሞላ እንደሆን እንጂ እንደነበረ አይመለስም። መስተካከል ያለበት መግቢያው ላይ ነው።

ለዚህም ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ የሆነውን አልሳሚክሰርን ከፍቼ ኤፍ6ን በመጫን የቲቪ ካርዱን እመርጣለሁ፤ ኤፍ4 ደግሞ የመቅጃ መስመሮቹን ያሳየኛል። ዴኩ የተሰካበት መስመር ለቅጂ መመረጡን ካረጋገጥሁ በኋላ ካሴቱን ድምፁ እጅግ ወደሚጎላበት ቦታ አሳልፈዋለሁ። በሰርግ ካሴት ላይ ይህ ቦታ ዘፈኑ ሳይሆን፣ ካሜራው አጠገብ የቆሙት ሴቶች እልልታቸውን የሚያቀልጡበት ነው። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም መለኪያ ላይ እልልታው ከዜሮ (ከመለኪያው ጣሪያ) በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እስኪቆም ድረስ መግቢያውን ዝቅ አደርጋለሁ። በዘፈኑ መጠን የተለካ ቅጂ እልልታው ሲመጣ መሰንጠቁ አይቀርም።

ቀጥሎ የሚታየው የናሙና መጠን፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እየተለካ እንደሚመዘገብ ነው። ይህ ቺፕ ከቲቪ መቀበያው የሚመጣውን ድምፅ የሚያወጣው በሰከንድ 32000 ናሙና ስለሆነ፣ ዴኩ በአንቴና መግቢያ በኩል ከተገናኘ ቅጂውም በዚሁ መጠን መያዝ አለበት፤ ፋይሉ 48000 ተብሎ ከተመዘገበ ድምፁ አንድ ተኩል ጊዜ ፈጥኖ ይሄዳል። ይህ ወዲያው ይታወቃል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ በ44100 የተቀዳው 48000 ተብሎ ሲመዘገብ ነው፤ ፍጥነቱ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምርና ሁሉም ድምፅ እኩል ከፍ ስለሚል ቅኝቱ ሳይዛባ ይቀራል፣ የዘፋኟ ጉሮሮ ግን የእሷ መሆኑ ይቀራል። እሷን የሚያውቅ ዘመድ አጠገብ ካለ ማስሰማቱ ይጠቅማል።

የማይቋረጥ ጉምጉምታ ከተሰማ መንስኤው ብዙውን ጊዜ 50 ኸርዝ የሆነው የመብራት ኃይል ነው። ዴኩንና ኮምፒውተሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ከዴኩ ጋር የተያያዘ የዲሽ ገመድ ካለም መንቀል በአብዛኛው ይበቃል።

የተቀዳውን ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ በሚጨምቀው የፋይል ዓይነት በፍላክ አስቀምጣለሁ። ቤተሰቡ ጫጫታው ይቀነስልን ካለ የማጸዳው የፋይሉን ግልባጭ ነው፤ ዋናውንም አብሬ እሰጣለሁ።