በ29 ሳምንቷ የተወለደችውን ልጄን ሳሳድግ

«ስንት ወሯ ነው?» ሲሉኝ ሁለት መልስ ነበረኝ። ልጄ የተወለደችው በ29 ሳምንቷ ነው። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ስለሆነ 11 ሳምንት ቀድማ መጥታለች ማለት ነው። ሐኪሟ እድገቷን ስትገመግም እነዚህን ሳምንታት ከዕድሜዋ ትቀንሳለች። ይሄ «የተስተካከለ ዕድሜ» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይሠራበታል።

እኔን ያሳረፈኝ ይሄ ሂሳብ ነው። ዓመት ሲሞላት ገና እየዳኸች ነበር። ሰው ሁሉ «እስካሁን አልቆመችም እንዴ?» ይለኛል። በተስተካከለ ዕድሜዋ ግን ዘጠኝ ወር ከግማሽ ገደማ ናት፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ መዳህ ያለ ነው። ክትባት ላይ ግን ቅነሳ የለም። የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ነው። እንዲያውም እንደሷ ያሉ ልጆች በኢንፌክሽን ቶሎ ስለሚጎዱ ክትባታቸው መዘግየት የለበትም።

ከሁሉም የከበደኝ ምግብ ነው። ልጄ ሆስፒታል ሳለች በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ነበር የምትመገበው። ፊቷ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይለጠፋል። እንዲህ ያሳለፈ ልጅ ወደ አፉ የሚመጣን ነገር ቢፈራ አይገርምም። ማንኪያ ሲቀርባት ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። በደንብ የላመ ነገር ትውጣለች፤ ትንሽ ጓል ካገኘች ግን ቋቅ ይላታል። «ያዝ አድርገሽ አጉርሻት» የሚለኝ ብዙ ነበር። ለፍቅር ብለው ነው የሚሉት፤ ግን እንዲህ ላለ ልጅ ማስገደድ ፍርሃቱን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የአመጋገብ ባለሙያዋ ከአፏ በፊት እጇን አስለምጂ አለችኝ። የተፈጨ ሙዝ ፊት ለፊቷ አስቀምጬ እኔም ከዚያው መብላት ጀመርኩ። አልለምናትም፣ በማንኪያም አላባርራትም። መጀመሪያ በአንድ ጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። አየችው። ከዚያ ልብሷ ላይ ጠረገችው። የዚያን ቀን ነገር በዚሁ አበቃ፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ቆይታ ጣቷን ላሰች፣ ቆይታ ደግሞ ማንኪያውን ራሷ ያዘች። ምግቡን ቀስ በቀስ እያወፈርኩ ሄድኩ። ማዕድ ላይ ግማሽ ሰዓት ካለፈ፣ በላችም አልበላችም እናነሳለን። ቤቱ ውስጥ ከምግብ ሰዓት የሚመጣው ጭንቀት የቀነሰው ያኔ ነው።

የአይረን (የብረት ማዕድን) ጠብታም ትወስድ ነበር። ሕፃን አይረን የሚያጠራቅመው በአብዛኛው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው፤ እሷ እነዚያን ወራት አላገኘችም። ሰገራዋ ሲጠቁር እንዳትደነግጡ፣ ከጠብታው ነው የሚመጣው። መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን።

መራመድ ስትጀምር በእግር ጣቶቿ ነበር የምትቆመው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወለል ላይ በባዶ እግሯ እንድትጫወት፣ ሶፋ ተደግፋ ወደ ጎን እንድትራመድ መከረን። ልጅ ውስጡ ቁጭ ብሎ የሚነዳውን ባለ ጎማ መሄጃ ግን ከልክሎናል። ልጁን በጣቱ ጫፍ መግፋት ያስለምደዋል፤ ለአደጋም ያጋልጣል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። «ቀድማ ስለተወለደች ነው» የሚለው ቃል ያጽናናል፤ የሚያዘናጋበት ጊዜም አለ። በተስተካከለ ዕድሜ 18 ወር ሞልቶት የማይሄድ ልጅ መታየት አለበት። ገና በጨቅላነቱ አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ ሰውነቱ የሚገተር ወይም በጣም የሚልፈሰፈስ ልጅም እንደዚያው። ይችል የነበረውን ነገር ያቆመ ልጅ ደግሞ ለቀጣዩ ቀጠሮ አይቆይም፣ ወዲያው ይወሰድ። ቀድሞ የተጀመረ እርዳታ ብዙ ይሠራል፤ ጠይቆ «ደህና ናት» መባል ደግሞ ምንም አያከስርም።

ጉንፋን ሌላው ስጋታችን ነበር። ሳንባዋ ብዙ ያየ ስለሆነ ቀላል የሚመስለው ሳል ይጠናባታል። የሚጠይቀን ሰው እጁን ይታጠባል፤ ያመመው ሰው ሌላ ቀን ይመጣል፤ ቤታችን ውስጥ ሲጋራ አይጨስም። ቅር ያለው ሰው ነበር፣ ግን ልጄ ትበልጥብኛለች። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ሰዓት ሳናይ ሆስፒታል እንሄዳለን።

አንድ ደብተር አለኝ። በስንት ሳምንቷ እንደተወለደች፣ ክብደቷ፣ ኦክስጅን ላይ የቆየችበት ጊዜ፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራዋ ውጤት ሁሉ እዚያ ተጽፏል። አዲስ ሐኪም ባየን ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄው ነው። አሁን ሁለት ዓመት ስላለፋት ሳምንት መቀነሱን ትተናል፤ የዓይንና የንግግር ክትትሏ ግን ቀጥሏል።