ዛሬ ያየሁት ክሩዘር

ዛሬ ያገለገለ ክሩዘር ሞተርሳይክል (ዝቅ ያለ፣ እግር ወደፊት ዘርግተው የሚነዱት ዓይነት) ለማየት ሄጄ ነበር። ያማሃ ቪ ስታር 650። ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ ልቤ እሱ ጋ ነው።

ስደርስ መጀመሪያ እጄን ወደ ኢንጂኑ አስጠጋሁ። ሞቋል! ሻጩን ቀድሜ ደውዬ "እስክመጣ እንዳታስነሳው" ብዬው ነበር። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ጉዱ የሚታወቀው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው። ከሞቀ በኋላማ ሁሉም ደህና ይመስላል።

የጎማው ጥርስ አላለቀም። ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን 2214 ይላል፤ በፈረንጆቹ 2014፣ በ22ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ይደርቃል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ አይታመንም። የፊት ሾኩ (የመንገድ ንዝረት የሚያበርደው) ዘይት ያልባል። የነዳጅ ታንከሩን ከፍቼ በስልኬ መብራት ሳይ ውስጡ ዝጓል።

የወደድኩለት ካቴና የሌለው መሆኑን ነው። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሻፍት (የሚሽከረከር የብረት ዘንግ) ነው። ካቴና ማጥበቅ፣ መቀባት፣ መቀየር የለም። ኪሱ ለሳሳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ያጠራቀምኩትን በሙሉ ለግዢው ካወጣሁ ጎማና ባትሪ በምን እቀይራለሁ? አልገዛሁትም። እውነት ለመናገር ከፍቶኝ ነው የተመለስኩት።

ነገ ደግሞ ሌላ ሞተር፣ ሆንዳ ሻዶ 750 ለማየት እሄዳለሁ። የዚህኛው ሻጭ ሳልጠይቀው የሰርቪስ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል።